ጠብታው ያረፈበት ምንጩ አይደለም፤ ስለ ሞተር ዘይት መፍሰስ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ባሉ ባለመኪኖችና ሾፌሮች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከመኪናው ሥር ዘይት ካያችሁ ከጠብታው በላይ ያለውን ኮፓ (ዘይቱ የሚጠራቀምበትን የሞተሩን የታችኛ ገንዳ) አስፈትታችሁ ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይሩ። ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ ከወረደ ካምቢዮ አስወርዳችሁ የኋላውን ኦይል ሲል (የዘንጉን ዙሪያ የሚያሽገውን ጎማ) ለውጡ። ለማየት እንዲመች ሞተሩን ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አሳጥቡ። ጓርኒሲዮን ሲገጠም ሲሊኮን በብዛት ይቀባ። አቅም ካልፈቀደ ወፍራም ዘይት ጨምሩ። መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ ሞተሩ አያፈስም፤ ቢያፈስም እየሞሉ መንዳት ይቻላል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አንጠራጠርም። የዘይት መለኪያውን በየሳምንቱ እዩ ማለታቸውም ትክክል ነው። የቀረውን ምክር የተከተለ ሰው ግን አንድ ቀለበት ጎማ ለምታክል ጥፋት ካምቢዮ ያስወርዳል፣ ከዚያም ዘይቱ እንደ ቀድሞው ሲንጠባጠብ ያያል። ስለዚህ በየነጥቡ እንመልስ።

ከጠብታው በላይ ያለው ዕቃ ነው ስለሚለው

ትልቁ ስሕተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን። ከደጀን በታች ድልድዩ ላይ ቆሞ ውኃውን የተመለከተ ሰው የዓባይ ምንጭ እዚህ ነው አይልም፤ ምንጩ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ እንደሆነ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሞተር ዘይትም ከላይ ነው የሚመጣው። ከባልቦላ ክዳን (ከሞተሩ የላይኛው ሽፋን) ጠርዝ ያመለጠ ዘይት በሞኖብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ጎን ይወርዳል፣ የኮፓውን ከንፈር ይዞ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ብሎ ባገኘው ቡሎን ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ይላል። ያ ዝቅተኛ ቡሎን ብዙ ጊዜ የዘይት ማፍሰሻው ነው። ከሥር አጎንብሶ ያየ ሰው ኮፓውን የሚከስሰው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ነፋስ ይጨመራል። መኪናው ሲሄድ ከፊት የሚገባው አየር ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ወርድ ለወርድ በተቀመጠበት መኪና፣ እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባለው ማለት ነው፣ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወደ ጋቢናው ግድግዳ ይሸሻል። ሞተሩ ርዝመቱን ይዞ በተቀመጠበት ሃይስ ወይም ሃይሉክስ ደግሞ ከፊት ኦይል ሲል የወጣው ዘይት የኮፓውን ሆድ ሙሉ አልብሶ እስከ ካምቢዮው ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ የሚፈለገው ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉም ወደ ፊት ያለው እርጥብ ቦታ ነው። ከሱ በላይ ደረቅ ከሆነ ምንጩ እዚያ ነው፤ ከሱ በላይ ሌላ እርጥብ ካለ ገና አልተደረሰበትም።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት የፈሰሰው የሞተር ዘይት መሆኑ ይረጋገጥ። ማታ ከሞተሩ እስከ ካምቢዮው ድረስ የሚሸፍን ንጹሕ ካርቶን ሥሩ ይነጠፍና ጠዋት ይታይ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ በናፍጣ ሞተር ከተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው የማንዋል ካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ነው። እንደ ውኃ ቀጥኖ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ የሚሰጠው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ከቀዝቃዛ አየር ማሽኑ የወረደ ውኃ ስለሆነ አያስጨንቅም። መኪናው የቆመው ሜዳ ላይ መሆን አለበት። ተዳፋት ላይ ካደረ ዘይቱ በኮፓው ከንፈር ወደ ዝቅተኛው ጎን ተጉዞ ሌላ ቦታ ጠብ ይላል፣ የመለኪያው ንባብም ይዛባል።

ጠብታው የሚታይበት ሰዓትም ብዙ ይናገራል። ሞተሩ እንደተነሣ ወዲያው የሚወርድና ሲጠፋ የሚያቆም ከሆነ ዘይት በግፊት ከሚያልፍበት መስመር ነው፦ የዘይት ግፊት ስዊች፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ባለ ቪቪቲአይ በሆኑት (ባልቦላዎቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ በዘይት ግፊት በሚያስተካክሉት) ሞተሮች የዘይት መቆጣጠሪያው ባልቦላ ኦሪንግ (ቀለበት ጎማ)። ሞተሩ ሞቆ ከቆመ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ከላይ፣ ከባልቦላ ክዳን አካባቢ እየተንሸራተተ የመጣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የኮፓው ጓርኒሲዮን ወይም የማፍሰሻው ቡሎን ሊጠረጠር ይገባል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ኮፓ ከመፈታቱ በፊት የማፍሰሻው ሮንዴላ (የቡሎኑ ማሸጊያ ቀለበት) ይታይ። በየዘይት ቅያሬው ያው አሮጌ ሮንዴላ እየተመለሰ ተደፍጥጦ ማሸጉን ያቆማል። ሮንዴላው አዲስ ሆኖ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የቡሎን ጥብቀት መለኪያ ነው) ቢጠብቅ ለአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች በቂ ነው። ከዚያ በላይ ተጎትቶ የኮፓው ጥርስ ከተላጠ ጣጣው ሌላ ነው።

በግፊት ውኃ ስለ ማጠብ

ሞተሩ ሳይጸዳ ምንጭ አይገኝም፤ በዚህ እንስማማለን። በተለይ በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ ዘይቱና አቧራው ተጋግረው፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው ተጨምሮበት፣ የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ይሠራሉ፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። ነገር ግን የላቫጆ ግፊት ውኃ ዲናሞ ውስጥ፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ፣ በካንዴላ ጉድጓድ ውስጥና በሽቦ ሶኬቶች ውስጥ ይገባል። ከታጠበ በኋላ ሞተሩ እየዘለለ ሲሠራ ባለመኪናው ሁለተኛ ችግር ተሸክሞ ይመለሳል። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅም ብረቱን በድንገት ስለሚያኮማትረው ጥሩ አይደለም።

የሚሻለው ይህ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ዲናሞው፣ ዲስትሪቢዩተሩና የአየር መሳቢያው በፌስታል ይሸፈኑ። ደረቁ ቅርፊት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣ። ከዚያ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይና የዱቄት ሳሙና በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ እየታሸ በቀላል ውኃ ይለቅለቅ። በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ነው፤ ፈጽሞ አይደረግም። መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ካለ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋ፣ ፌስታሉም ሁሉ መነሣቱ ይረጋገጥ።

ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስነስ። ነጩ ላይ ዘይቱ የሚሄድበት መስመር ጥቁር ሆኖ ይሣላል። የእህል ዱቄት አይሆንም፤ እርጥበት ይዞ ይለጠፍና እንደገና ማጠብ ይጠይቃል። ሞተሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፤ በባትሪ መብራትና በትንሽ መስተዋት ከላይ ወደ ታች ይታይ። ምንም ካልታየ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ባለበት መንገድ ይነዳና ወዲያው ይታይ። ሰዓት እያለፈ በሄደ ቁጥር ዘይቱ ስለሚስፋፋ በማግስቱ ማየት ዋጋ የለውም። በመብራት የሚያበራ ልዩ ቀለም ዘይት ውስጥ መጨመርም ይቻላል፣ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለአብዛኛው ጥፋት ግን ፓውደሩ ይበቃል።

የኋላ ኦይል ሲል ስለ መባሉ

ካምቢዮ ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ የሚሰጠው ከላይ ያሉት ሁሉ ነጻ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ብቻ መሆን አለበት። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ዘይት የሚያወርዱ ሌሎች ብዙ ናቸው።

ዲስትሪቢዩተር ባላቸው የቆዩ ኮሮላዎች፣ 4ኤና 5ኤ ሞተር ባላቸው፣ ዲስትሪቢዩተሩ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ራስ) ጫፍ ልክ ከካምቢዮው ራስ በላይ ተቀምጧል። በአንገቱ ላይ ያለው ኦሪንግ ሲደርቅ ዘይቱ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይወርድና የኋላ ኦይል ሲል ይመስላል። ኦሪንጉን ለመለወጥ የሚፈታው ቡሎን ጥቂት ነው፤ ከመፈታቱ በፊት ግን ዲስትሪቢዩተሩ የነበረበት አቅጣጫ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ አለዚያ የእሳቱ ጊዜ ይዛባል።

2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተር ባላቸው ሃይሶች ደግሞ በቴስታታው የኋላ ጫፍ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎማ አለ። ሲደነድን ዘይቱን በሞተሩ ጀርባ በኩል ይለቀዋል። በነዚሁ ሞተሮች ላይ ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ምንጭ አለ፤ በዲናሞው ጀርባ የፍሬን ቫኩም ፓምፕ ተያይዟል፣ ይህ ፓምፕም ከሞተሩ ዘይት የሚወስድበትና የሚመልስበት ቱቦ አለው። የመመለሻው ጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ዘይቱ የሞተሩን አንድ ጎን ሙሉ ያጥባል። በሃይስ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ስለሆነ ወንበሩን አንሥቶ ቱቦውን በጣት ጠምዘዝ አድርጎ ስንጥቅ እንዳለው ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደረቅ ሆነው ከካምቢዮው ራስ ሥር ዘይት ከመጣ የታችኛው መፈተሻ ክዳን ካለ ይከፈትና በመብራት ይታይ። ቮላኖው (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) በሞተሩ በኩል ባለው ፊቱ ከረጠበና ዘይቱ የሞተሩን ከመሰለ የኋላ ኦይል ሲል ነው። የድኝ ሽታ ካለው ግን የካምቢዮው የፊት ሲል ነው፤ የሞተሩን ሲል መለወጥ አይጠቅመውም። ካምቢዮ የግድ ከወረደ ሁለቱንም ሲሎች ባንድ ጊዜ መለወጥ፣ ፍሪሲዮኑም ዘይት ነክቶት እንደሆነ ማየት ብልህነት ነው። አዲሱ ሲል ሲገባ ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፣ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይግባ። አሮጌው ሲል በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ሠርቶ ከሆነ፣ ቤቱ ቦታ እስከ ሰጠ ድረስ አዲሱ ከዚያ መስመር ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ያው መስመር ላይ ከተቀመጠ አዲስም ሆኖ ያፈስሳል። የፊቱም ኦይል ሲል ሕጉ ያው ነው፤ የሱ ምልክት ከፑሌጃው (ቺንጊያው ከሚዞርበት ክብ ብረት) ጀርባ ዙሪያውን የተረጨ ዘይት ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው

ከሁሉ የሚያሳስበው ጸሐፊው የሞተሩን ትንፋሽ አለማንሣታቸው ነው። በፒስተኑ ፋሻዎች (ፒስተኑን ዙሪያውን በሚያሽጉት ቀለበቶች) በኩል የሚያመልጥ ጋዝ ወደ ኮፓው ይወርዳል፤ ከዚያ የሚወጣው በትንፋሽ ቱቦው፣ በቤንዚን ሞተር ደግሞ ፒሲቪ በሚባለው ትንሽ ባልቦላ በኩል ነው። ያ መንገድ በጥላሸት ሲደፈን ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን ደካማ ሆኖ ባገኘው ሲልና ጓርኒሲዮን ይገፋዋል። አንዱ ሲቀየር በሌላው ይወጣል። ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት አሁንም የሚያፈስ ሞተር ሲገኝ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። የዓባይን በረሃ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ተጭኖ ለሚወጣ መኪና ደግሞ የሚያመልጠው ጋዝ ከሜዳው ይበዛል፤ ሜዳ ላይ ደረቅ የሆነ ሲል ዳገቱ ላይ ዘይት የሚተፋው ለዚህ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። የቤንዚን ሞተር ቀስ ብሎ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈትና ቀጭን ወረቀት ይጋረድበት። ወረቀቱ ወደ ውስጥ በቀስታ ከተሳበ ወይም ዝም ካለ ትንፋሹ ደኅና ነው። እየተገፋ ከተነሣ ፒሲቪው ወይም ቱቦው ተደፍኗል፤ አለዚያም ፋሻዎቹ አልቀዋል። ፒሲቪው ተነቅሎ ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ኳኳ ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ይለወጥ። በቆዩ የናፍጣ ሞተሮች ትንሽ መግፋት ያለ ነው፤ እዚያ የሚታየው የትንፋሽ ቱቦው ውስጡ መጥበቡና መታጠፉ ነው። ፒሲቪው አዲስ ሆኖ፣ ቱቦው ጸድቶ፣ ጋዙ አሁንም በኃይል ከተነፈሰ ችግሩ ከፒስተን ነው፤ ሲል መለዋወጡ አያድነውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ይዞ ወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታ የሚወጣ ከሆነ ያ ብዙውን ጊዜ የባልቦላ ሲሎች ማለቅ ነው። ዘይቱ ውስጥ ይቃጠላል እንጂ ወደ ውጭ አይፈስም። መለኪያው ላይ የጎደለው ሁሉ ፍሳሽ አይደለም።

ሲሊኮን በብዛት ስለ መቀባት

ይህ ምክር ሞተር ያስበላል። የበዛው ሲሊኮን ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውስጡ ቆይቶ ይቆረጥና ኮፓ ውስጥ ይወድቃል፣ የዘይት ፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ግፊቱ ይወርዳል፣ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች ይቃጠላሉ። የጎማ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሲሊኮን ይንሸራተትና ከቦታው ይወጣል።

የባልቦላ ክዳን ጎማ በደረቁ ነው የሚገጠመው፤ ሲሊኮን የሚነካው ሁለት አካላት በሚጋጠሙበት ማእዘን ላይ፣ የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ነው። ጓርኒሲዮን ሳይኖራቸው በሲሊኮን ብቻ የሚታሸጉ ኮፓዎችና የሰንሰለት ሽፋኖች እንዳሉ እንቀበላለን። እዚያም ቢሆን አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ፣ ዘይቱ ከሁለቱም ፊት ተጠርጎ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ያልተቋረጠ መስመር ከቡሎን ቀዳዳዎች ውስጠኛ ጎን ይሰመራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገጠማል፤ ዘይት ከመሞላቱ በፊትም በሲሊኮኑ ቱቦ ላይ የተጻፈውን ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የባልቦላ ክዳን ቡሎኖች ከ6 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልጉት፤ ባጭር እጀታ በሁለት ጣት የሚጠብቅ ነው። ያፈስሳል ተብሎ በረጅም ቁልፍ ሲጎተት ክዳኑ ይጎብጥና በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል።

ስለ ወፍራም ዘይት

20/50 የሚባለው ወፍራም ዘይት የተበጠሰ ጓርኒሲዮን አይሰፋም። በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ የጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው የቴስታታ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። በብርድ ጊዜ የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምርም ከፊልትሮና ከግፊት ስዊች የሚወጣው ሊብስ ይችላል። ለ5/30፣ ማለትም ለቀጭን ዘይት፣ የተሠራ ባለ ቪቪቲአይ ሞተር ላይማ ጠባቦቹን የዘይት መንገዶች ያዘገያል። የደነደነ ጎማ የሚያለሰልሱ ማቆሚያ ኬሚካሎች በስሱ የሚያላብ ሲልን ለጊዜው ሊቀንሱት ይችላሉ፤ የላላ ቡሎን ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ላይ ግን ምንም አይሠሩም።

ጠብታ ከሌለ አያፈስም፣ ቢያፈስም እየሞሉ ይነዳል ስለሚለው

ከባልቦላ ክዳን የወጣ ዘይት ጭስ ማውጫው ላይ ከወደቀ ተቃጥሎ ያልቃል፤ መሬት አይደርስም። የሚሰማው ሽታው ነው፣ ከቆመ በኋላ ከኮፈኑ ሥር የሚወጣው ቀጭን ጭስም ይታያል። ይህ ከጠብታው ይልቅ አደገኛ ነው፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በግፊት የሚወጣውም ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሚረጭ የቆመበት ቦታ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን እንየው። 20 ጠብታ ገደማ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 10 ሰዓት ያህል መንገድ ነው እንበል። በየ2 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ብቻ ቢወርድ 18,000 ጠብታ፣ ማለትም 900 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ በመለኪያው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 1 ሊትር አካባቢ ነው። 1ኤንዜድ ሞተር ያለው ኮሮላ ከነፊልትሮው የሚይዘው ራሱ 3.7 ሊትር ነው፤ በአንድ ጉዞ ሩቡ አለቀ ማለት ነው።

በዓባይ በረሃ ደግሞ ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ዘይቱ ጎድሎ ሞተሩ ሲዘነበል ዘይቱ ወደ ኮፓው አንድ ጫፍ ይሰበሰብና የፓምፑ መሳቢያ አየር ይስባል። በዳገትና በመታጠፊያ ላይ የዘይት መብራቱ ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ያች ብልጭታ ከታየች ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ እስከ ደጀን ወይም እስከ ጎሐ ጽዮን ልድረስ አይባልም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ መኪናው ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ይለካ። ሜዳ ካልተገኘ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ይነሣና መብራቱ ወዲያው መጥፋቱ ይታይ። ካልጠፋ ሞተሩ እዚያው ይቆም፣ መኪናው ተጎትቶ ይውጣ። ምንጩ ተገኝቶ እስኪጠገን ድረስ ከመውረዱ በፊት ደጀን ላይ፣ ከወጣም በኋላ ጎሐ ጽዮን ላይ መለካት፣ ያው ዓይነት 2 ሊትር ዘይት መኪናው ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። ከተጠገነ በኋላም መጋጠሚያው ተጠርጎ በ50 ኪሎ ሜትር አንዴ፣ በ500 ኪሎ ሜትር ሌላ ጊዜ ፓውደር ተነስንሶበት ይታይ።